ሙሉ ቁመት

ባለፈው ሰሞን ሁለት ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ፍኖተ ሰላም ከሚገኘው ቤቴ መጡ። ትሑታን ልጆች ናቸው፤ ጫማቸውን ደጅ ላይ አራግፈው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነስተው ነው የገቡት። በጠላት ወረራ ዘመን በአካባቢያችን ስለተዋጉ አርበኞች አንድ መጽሔት ለማዘጋጀት አስበዋል። እኔ ዘንድ አሮጌ ፎቶግራፍ እንዳለ ሰው ነግሯቸው ኖሮ እሱን ለማየት ፈለጉ። ከግድግዳው አውርጄ ሰጠኋቸው። በርኖስ የደረበ፣ ጠመንጃ የያዘ፣ ከነጭ አንሶላ ፊት ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ነው። በጣም ወደዱት። አንደኛው መስታወቱን በመዳፉ ጠረግ ጠረግ አደረገና፣ «አባባ፣ እኛ ጉርዱን ብቻ ነው የምንወስደው፤ ከደረት በታች ያለው ቦታ ይፈጅብናል» አለኝ።

ፎቶግራፉን ከእጁ ተቀብዬ መልሼ ሰቀልኩት። አስቤበት መልስ እንደምሰጣቸው ነግሬ በክብር ሸኘኋቸው።

ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም። «ጉርድ ፎቶግራፍ» የሚለውን ቃል እኔም በመንግሥት ሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ኖሬአለሁ። ሥራ ፈላጊው ሁሉ ጉርዱን ይዞ ይመጣል፤ እኔም ተቀብዬ በማኅደሩ ላይ እለጥፋለሁ። ደንብ ነውና ሠርቼዋለሁ፤ አጣምሜ የለጠፍኩት አንድም የለም። ሳይከፋኝ የለጠፍኩትም አንድም የለም። ምክንያቱን ለባልደረቦቼ ነግሬ አላውቅም። አሁን ግን እጽፈዋለሁ።

ፎቶግራፍ ማንሳት የተማርኩት ጠላት ከመምጣቱ በፊት አዲስ አበባ ነው። አሠሪዬ የውጭ አገር ሰው ነበር። ከተማዋ ስትያዝ ወደ አገሩ ሲሄድ ትልቁን የእንጨት ካሜራ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውንና ጥቁር ጨርቁን ለእኔ ተወልኝ። በበቅሎ ጭኜ፣ ዓባይን ተሻግሬ ወደ ተወለድኩባት ቡሬ ገባሁ። ካሜራው ምስሉን የሚይዘው መድኃኒት በተቀባ መስታወት ላይ ነው። መስታወቱ ሲታጠብ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ይታይበታል። ከወረቀት ጋር አጋጥመው ፀሐይ ሲያስመቱት ደግሞ ሰውየው እንደ ነበረ ሆኖ በወረቀቱ ላይ ይወጣል። አንባቢ ይህን ቢይዝልኝ ኋላ ያስፈልገዋል።

ጣሊያን በቡሬ የጦር ሰፈር ሲሠራ ካሜራ ያለኝ መሆኑ ተሰማ። የሰፈሩ አዛዥ የነበረው ካፒቴን አስጠርቶ በአስተርጓሚ ያስነገረኝ አጭር ነው፤ ወይ እሠራለሁ፣ ወይ ካሜራው ይወረሳል። ሠራሁ። ሥራው ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ወታደሮቹ ለእናቶቻቸውና ለእጮኞቻቸው የሚልኩት ፎቶግራፍ ነው። ፀጉራቸውን ውኃ እየቀቡ፣ ጢማቸውን እያሾሉ፣ አንዳንዴም የእኔን አሮጌ ጋሻ እየያዙ ይነሱ ነበር። ሁለተኛው የይለፍ ወረቀት ፎቶግራፍ ነው። ወደ ቡሬ ገበያ የሚገባ ገበሬ ሁሉ ፎቶግራፍ ያለበት የይለፍ ወረቀት እንዲይዝ ታዝዞ ነበርና፣ ከቋሪት ደጋ፣ ከአዊ ቀዬዎች፣ ከዳሞት ቆላ የመጣው ሰው ሁሉ በእኔ ካሜራ ፊት አለፈ።

ትእዛዙ ግልጽ ነበር፤ ራስ ብቻ። ሻሹ ይፈታል፣ ጆሮ መታየት አለበት፣ አንገት ላይ ቁጥር የተጻፈበት ጣውላ ይንጠለጠላል። መጀመሪያ በፊት ለፊት፣ ቀጥሎ በጎን ይነሳ ተብሎ ነበር። በጎን መነሳቱን ግን ገበሬዎቹ አሻፈረኝ አሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ በጎን የሚሣለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ይሁዳ ነው፤ ሰይጣናት ናቸው። ጻድቅ ሰው ሁለት ዓይኑ ይታያል። አስተርጓሚው ትከሻቸውን ይዞ ሲያዞራቸው ገላቸው ይዞርና ፊታቸው ተመልሶ ወደ ካሜራው ይመጣል። ካፒቴኑ በጥፊ አስመታ፤ ከጥፊውም በኋላ ፊታቸው ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ ሰለቸውና ተወው።

ራስ ብቻ ይሁን ያለውን ግን አልተወም። ይህም ለሕዝቡ መራራ ነበር። በሥዕሎቻችን ውስጥ ራሱ ብቻ የሚታይ የመላእክት ፊት ነው፤ አለዚያም በወጭት የቀረበው የመጥምቁ ራስ ነው። ከዚህ በቀር ሰው ተብሎ የተሣለ ሁሉ ሁለት እጁ ይታያል፣ ሁለት እግሩ መሬት ይረግጣል። አንድ ሽማግሌ ወረቀታቸውን አገላብጠው አዩና፣ ሌላ ሳይናገሩ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት፤ የሞተ ወፍ የሚሸሽጉ ይመስሉ ነበር።

እኔም ለራሴ ሌላ ሥራ ጀመርኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካሜራውን ወደ ገጠር አወጣና ሰዎችን እነሱ መታየት እንደሚሹት አነሳቸዋለሁ፤ ቆመው፣ እጅና እግራቸው ሳይጎድል። ለዚህ የሚሆነውን መስታወት ከሰፈሩ ዕቃ ቤት «ተሰበረ» እያልኩ አስቀር ነበር። አላፍርበትም። ያን ጊዜ ካነሳኋቸው ሰዎች የሚበዙት ከዚያ ፎቶግራፍ በቀር ሌላ የላቸውም፤ አንዳቸውም ጎደልኩ ብለው አልወቀሱኝም።

የቋሪቱ ሰው የመጣው በአንድ የገበያ ቀን ነው። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ረጅም ነው፤ ገብስ የጫነ አህያ ይዟል። ከነጩ አንሶላ ፊት አስቀምጬ ጣውላውን አንገቱ ላይ ሳንጠለጥል፣ ምን ያህሉ እንደሚወጣ ጠየቀኝ። እስከ አንገቱ መሆኑን ነገርኩት።

«የቀረውን ሰውነቴን የት ታኖሩታላችሁ?» አለኝ።

ካፒቴኑ እንደማይፈልገው ነገርኩት።

«ይሻላል፤ እኔ እፈልገዋለሁ» ብሎ ሳቀ። ከተነሳ በኋላ ጣውላውን አውልቆ ሲመልስልኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሌላ ቀን ሙሉውን ታነሳኛለህ፤ ከነጠመንጃዬ» አለኝ። ገብስ ለመሸጥ ብቻ እንዳልመጣ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም እሺ አልኩት።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ በቋሪት በኩል ውጊያ ሆነ። ከውጊያው በኋላ ባለው የገበያ ቀን ወደ ሥራ ስሄድ፣ በጨው ተራው መካከል ረጅም እንጨት ተተክሎ አየሁ። በጫፉ ላይ የሰው ራስ ነበር። እሱ መሆኑን ወዲያው አወቅሁት። በካሜራ የኋላ መስታወት ላይ ሰው ተዘቅዝቆ ነው የሚታየው። እኔ ያንን ፊት ተዘቅዝቆም ተቃንቶም አይቼዋለሁ፤ ልስተው አልችልም።

ገበያው እንዲበተን አልተፈቀደም። ሰው በእንጨቱ ሥር እየተሻሸ እንዲገበያይ ታዘዘ። ወታደሮቹ ተራ በተራ ከእንጨቱ አጠገብ እየቆሙ፣ እየሳቁ፣ በራሳቸው ትንሽ ካሜራ ይነሳሱ ነበር። በማግስቱ ፊልሙን እንዳጥብላቸው አመጡልኝ። እኔም መጠቅለያውን ፈትቼ ጠራራ ፀሐይ ላይ አሰጣሁትና፣ ሲመለሱ አንድም ነገር አልወጣም፣ ፊልማችሁ ብልሹ ነው አልኳቸው። አንደኛው በካሜራው ቂጥ አፌን መታኝ። የፊት ጥርሴ የተሸረፈው ያን ጊዜ ነው። የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር በልጅነቴ ወድቄ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም የእነሱን ሳቅ በአፌ መናገር አልወድም።

ከዚህ በኋላ የሟቹ ታላቅ ወንድም መጣ። እሱ ለጣሊያን የገባ ነው። ጠመንጃውን አስረክቦ፣ የእነሱን ጠመንጃ ተቀብሎ፣ በቡሬ ሰፈር መንገድ መሪ ሆኖ ያገለግላል። በቀትር፣ ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ደፍቶ ገባና ቆመ። ተቀመጥ አላልኩትም። የመጣው ከእናቱ ተልኮ መሆኑን ተናገረ። የወንድሙ አርባ ደርሷል፤ በእናቱ አገር በቋሪት ደጋ፣ ጠላት በማይደርስበት፣ ለቅሶው ይወጣል። ሬሳው ግን የለም። አካሉ የትኛው ገደል እንደተጣለ የሚያውቅ የለም፤ ራሱም ከገበያው ከወረደ በኋላ ወዴት እንደወሰዱት አልታወቀም።

ባገራችን ሬሳው ያልተገኘ ሰው በምስል ይለቀሳል። እንጨት ይቆምና የሟቹ ልብስ ይለብሳል፣ ጠመንጃው ይደገፍበታል፣ ለቀስተኛው ዙሪያውን እየዞረ ያለቅሳል። እናትየው ግን ይህን እንቢ ብለዋል። የሚፈልጉት ፎቶግራፍ ነው። ቡሬ ገበያ የገባ ሁሉ እንደሚነሳ ያውቃሉ፤ የልጃቸውም እኔ ዘንድ እንዳለ ገምተዋል። ታላቁ ልጃቸው ይህን ሁሉ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነገረኝ፤ ፎቶግራፉን ራሴ ለእናቱ እንዳደርስ ተስማምተን ሄደ።

በዚያው ሳምንት የይለፍ ፎቶግራፍ ለማንሳት ዛሬ ፍኖተ ሰላም ወደምንላት፣ ያን ጊዜ ግን ይህን ስም ገና ወዳላገኘችው ቀበሌ ታዝዤ ነበር። ከቡሬ ኬላ ወጥቼ እናትየውን ላገኛቸው የምችለው በዚህ ነው። ካሜራውን፣ ነጩን አንሶላ፣ አንድ ትልቅ መስታወትና የልጁን ትንሽ ፎቶግራፍ ይዤ ሄድኩ። ሥራዬን እንደጨረስኩ ታላቅየው ከቀበሌዋ ዳር ወዳለ የዘመዳቸው ቤት ወሰደኝ።

እናትየው ከደጁ ቆመው ጠበቁን። ረጅም፣ ጀርባቸው ያልጎበጠ ሴት ናቸው። ፀጉራቸው አልተላጨም፣ ልብሳቸውም የሐዘን ልብስ አይደለም፤ ወደ ቆላው ሲወርዱ ሐዘንተኛ መሆናቸው እንዳይታወቅ ነው። ፎቶግራፉን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ብዙ አዩት። አልሳሙትም፤ አላለቀሱም።

«እንግዲህ አንተም ቆረጥከው» አሉኝ።

ከካፒቴኑ ጥፊ፣ ከወታደሩ ካሜራ ይልቅ ይህ ቃል ሰበረኝ። ትእዛዝ ነው አላልኩም። ትእዛዝ መሆኑን እሳቸውም ያውቃሉ።

ከዚያም ተቀምጠው ያዩትን ነገሩን። ያን ዕለት ቡሬ ገበያ ነበሩ። ወሬው ደርሷቸው፣ እውነት መሆኑን በዓይናቸው ለማየት ወርደዋል። እንጨቱ ሥር ሲደርሱ ወታደሮቹ የሚያለቅስ ሰው ካለ ለመያዝ የሕዝቡን ፊት እየቃኙ ነበር። ስለዚህ ከጨው ነጋዴው ፊት ቆመው በጨው ዋጋ ተከራከሩ። ውድ ነው አሉ፣ ተሰብሯል አሉ፣ አገላበጡ፣ ጥለው ሄዱ፣ ተመልሰው መጡ። ልጃቸውን ደህና አድርገው እስኪያዩት ድረስ ተከራከሩ። ከዚያ ጨዉን ገዝተው፣ ተሸክመው ደጋ ወጡ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም።

«እንጨት ላይ አይቼዋለሁ» አሉ። «ደግሜ እንጨት አላለብስለትም። ሙሉውን ስጠኝ።»

ሙሉ የለም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያም ልጁ ጣውላውን ሲመልስልኝ ያለኝ ትዝ አለኝ። እሺ ብዬዋለሁ። መንገድ እንዳለ ነገርኳቸው። በቁመቱ ልክ የሆነ ሌላ ሰው በእሱ ልብስ ቆሞ ቢነሳ፣ ሁለቱን መስታወት በአንድ ወረቀት ላይ አትሜ ፊቱን ከዚያ ሰው ትከሻ ላይ ላኖረው እችላለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ አሠሪዬ ያልተገናኙ ባልና ሚስትን እንዲህ አድርጎ ጎን ለጎን ሲያቆም አይቻለሁ፤ ሥራውን በሚገባ አውቀዋለሁ።

ታላቅየው ከበሩ አጠገብ እንደቆመ፣ «እምዬ፣ ቁመታችን አንድ ነው። በርኖሱን እኔ ልልበስ» አለ።

እናትየው ዞር ብለው አዩት። «አንተ የማን ሰው ነህ?»

«የእርስዎ ልጅ ነኝ።»

«ልጄስ ልጄ ነህ። ትከሻህ ግን የእነሱን ጥይት ይሸከማል። የእሱን ራስ እዚያ ላይ አላስቀምጥም።»

ፊቱ ደም መሰለ። «እኔ ባልገባ ኖሮ ቤትዎ እስከ ዛሬ ይቆም ነበር?»

«ቆሟል» አሉት። «ባዶውን።»

እኔ በዚያ ሰዓት ያንን ሰው እጠላው ነበር፤ ዛሬም አልደብቀውም። ነገር ግን ደፍቶት የነበረውን ባርኔጣ አውልቆ በእጁ ሲያፍተለትለው አየሁ። ባርኔጣው የሰፈሩ ነበር።

እናትየው ተነሱ። ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ከተቀመጠው ነገር ላይ ጥቁር የሱፍ በርኖስ አንስተው አራገፉት። ከውጊያው የተረፉት ጓደኞቹ አምጥተው ያስረከቧቸው ነው። ደረቡት። ከትከሻቸው ሳይንሸራተት ልክ ሆኖ ወረደ። ቀጥለው ደብቀው ካመጡበት ከማሽላ አገዳ እስር መካከል የልጃቸውን ጠመንጃ መዘዙ፣ ዝናሩንም ታጠቁ።

«ቁመቴ ያንሳል?» አሉኝ።

«አያንስም፣ እናቴ» አልኳቸው። አያንስም ነበር። ልጁ ቁመቱን ከማን እንዳመጣው ያን ጊዜ አየሁ።

ጠመንጃ አይቶ ያልተናገረ ሰው በዚያ ዘመን ይሰቀላል፤ መንገድ መሪ ከሆነ ደግሞ ምሕረት የለውም። ታላቅየው ጠመንጃውን አይቷል። እኔ እሱን አየሁት። እናቱ ግን ወደ እሱ እንኳ አልተመለከቱም። ደጅ ወጥተው፣ መቆሚያቸውን በእግራቸው ደልድለው፣ «አንሶላውን ያዝ» አሉት።

የቡሬው አንሶላ በግድግዳ ላይ በሚስማር ይወጠር ነበር። እዚህ ግን የሚሆን ግድግዳ የለም፤ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ሰውየው ምንም ሳይል ባርኔጣውን መሬት ላይ ጣለ። ከእናቱ ኋላ ሄዶ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አንሶላውን ከፍ አደረገው። እሱ ከአንሶላው በስተጀርባ ተሸፈነ።

ፀሐይዋ ልጁ በተነሳበት ጊዜ እንደነበረችው ከግራ በኩል እስክታበራ ድረስ ቆየን፤ አለዚያ ፊቱና ገላው በሁለት የተለያየ ብርሃን ይለያያሉ። የልጁን ፊት ከግንባር እስከ አገጭ በክር ለክቼ ነበር። ጥቁር ጨርቁን ተከናንቤ፣ ካሜራውን አንዴ ወደ ኋላ አንዴ ወደ ፊት እየገፋሁ፣ የእናትየው ፊት በመስታወቱ ላይ በዚያው ክር ልክ እስኪሆን አስተካከልኩ። ተዘቅዝቀው ይታዩኛል። ጠመንጃውን የያዙት እጆች የሴት እጆች መሆናቸው ግልጽ ነበር። አጥንታቸው ወጥቷል፣ አያያዛቸውም ሙቀጫ የለመደ አያያዝ ነው። እጃቸውን በርኖሱ ውስጥ ቢያስገቡት እንደሚሻል ነገርኳቸው።

«እጅ የሌለው ልታደርገው ነው?» አሉኝ።

እጃቸውን እንዳለ ተውኩት። ሽፋኑን ከፈትኩ። እስትንፋሳቸውን ይዘው ቆሙ። ከአንሶላው ጀርባ ግን የሚተነፍስ ሰው ይሰማ ነበር፤ አተነፋፈሱ የሚያለቅስ ሰው አተነፋፈስ ነው። እናትየው ሰምተዋል። አልተንቀሳቀሱም።

ያንን ፎቶግራፍ ያተምኩት ቡሬ፣ በጦር ሰፈሩ ግቢ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከባንዲራቸው ሥር ነው። የሚታተመው የመኮንኖች ፎቶግራፍ መስሏቸው ማንም አልጠየቀኝም። ቀላሉ መንገድ የልጁን ፊት ከወረቀት ላይ በምላጭ ቆርጦ በእናቱ አንገት ላይ መለጠፍ ነበር። ሌላ ፎቶግራፍ አንሺ ቢሆን እንዲያ ያደርግ ነበር። እኔ ግን በዚያ ፊት ላይ ምላጭ አላስነካሁም። በመጀመሪያ የእናትየውን ፊት በጥቁር ወረቀት ከልዬ፣ ከአንገት በታች ያለውን ብቻ ፀሐይ አስመታሁት። ቀጥሎም የቀረውን ሁሉ ከልዬ፣ የልጁን መስታወት በቦታው አጋጥሜ ፊቱን ብቻ አስመታሁት። በፀጉር ስፋት ቢዛነፍ አንገቱ ላይ መስመር ይወጣል። ብዙ ወረቀት አበላሸሁ። መስመር በወጣ ቁጥር፣ ያ እንጨት በዓይኔ ላይ ይመጣል፤ ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና እጀምራለሁ። በመጨረሻ መስመር የሌለበት ወጣ። በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለሁ የምስጋና ወረቀት ያገኘሁባቸው ሥራዎች አሉ፤ እንደዚያ ወረቀት ያኮራኝ ግን የለም።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። በአንሶላው የላይኛው ጠርዝ ላይ፣ በግራና በቀኝ፣ የታላቅየው ጣቶች ይታያሉ። በቀለምና በቀጭን ብሩሽ ላጠፋቸው እችል ነበር፤ ብሩሹንም አንስቼ ነበር። ተውኩት። የማንም ጣት ቢሆን መቁረጥ አስጠልቶኝ ነበር።

ለለቅሶው ቋሪት ደጋ ወጣሁ። ከገበዝ ማርያም በላይ ባለ ሜዳ ላይ ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ነበር። እናትየው አሁን ፀጉራቸውን ተላጭተዋል። በመካከሉ አልጋ ተቀምጦ በርኖሱ ተነጥፎበታል፤ ከበርኖሱ በላይ ጠመንጃው፣ ከጠመንጃው አጠገብ ፎቶግራፉ ቆሟል። ለቀስተኛው እየዞረ አየው፤ ሙሾ አውራጇም ቃሏን ከቁመቱ፣ ከአቋቋሙ እያነሳች አስለቀሰች። የሟቹ አለቃ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አርበኛ ተራቸው ደርሶ ከፎቶግራፉ ፊት ቆሙ። ጎንበስ ብለው አዩ፤ ደግመው አዩ።

«ፊቱ የእሱ ነው» አሉ። «እጁ ግን የእሱ አይደለም። እሱ ጠመንጃ እንዲህ አይዝም።»

ዐሥር ጊዜ የለፋሁበት ነገር ሐሰት ተብሎ በሜዳው ላይ ሊጣል ነው፤ ሴትዮዋም ያለ ልጅ ሊቀሩ ነው ብዬ ነበር።

እናትየው ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ «ከአንገቱ በታች እኔ ነኝ» አሉ። «ሲፈጠርም እንዲሁ ነበር።»

ሽማግሌው የራሳቸውን ጠመንጃ ከትከሻቸው አውርደው ከልጁ ጠመንጃ ጎን አስቀመጡ፤ ሻሻቸውንም ፈትተው በእግራቸው ሥር ጣሉት። እኚህን ሰው ሲፎክሩ እንጂ ሲያለቅሱ አይተን አናውቅም ያሉኝ ሰዎች አሉ። ያን ቀን አለቀሱ። ሕዝቡም ያን ጊዜ ነው በእውነት ያለቀሰው።

ዋይታው ጋብ ሲል አንዲት ጎረቤት ወደ ፎቶግራፉ ጠጋ ብላ፣ ከአንሶላው ጫፍ ላይ የሚታዩት ጣቶች የማን እንደሆኑ ጠየቀች። እናትየው እጃቸውን ዘርግተው ፎቶግራፉን አቃኑት። ታላቅየው በለቅሶው ላይ አልነበረም፤ ሊሆንም አይችልም፤ ደጋ ከወጣ አርበኞቹ ይገድሉታል። ስለ ጠመንጃው ግን ለካፒቴኑ አልተናገረም፤ ተናግሮ ቢሆን እኔ ዛሬ አልጽፍም ነበር። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ በትክክል አላውቅም። ሲወራ የሰማሁት አለ፤ ሁለቱም ወገን የየራሱን ይናገራል። ያላረጋገጥኩትን አልጽፍም።

እናትየው ያንን ፎቶግራፍ እስኪሞቱ ድረስ ይዘውት ኖሩ። እኔ ግድግዳ ላይ ያለው ከእነዚያው ሁለት መስታወቶች ለራሴ ያተምኩት ነው።

ወጣቶቹ በሚቀጥለው ሳምንት ለመልሱ ይመጣሉ። መልሱን ከአሁኑ አዘጋጅቻለሁ። ጉርዱን ብቻ ከወሰዱ፣ ጠመንጃውን የያዙት የእናት እጆች ከደረት በታች ናቸው፣ ይቀራሉ። አንሶላውን የያዙት ጣቶች ከራስ በላይ ናቸው፣ እነሱም ይቀራሉ። የሚተርፈው ካፒቴኑ ያዘዘው ነው፤ ቡሬ ጨው ተራ ላይ የተሰቀለውም እሱው ነበር። ሁለት ጊዜ ተቆርጧል፤ ሦስተኛውን በእኔ እጅ አላስደርግም። ሙሉውን የሚፈልጉ ከሆነ በደስታ እሰጣቸዋለሁ፤ ገጹን ሁሉ ይያዝ፤ ከገጹም ቢተርፍ ይትረፍ።

ቦታ ይፈጃል ብለዋል። ይፍጅ።